በጠመንጃው ዋጋ የገዛሁት ባስ ጊታር

የሟች ወንድሜን ክላሽ ዋጃ ገበያ ወስጄ ሸጬ፣ ባስ ጊታር ገዝቼ የገባሁ ቀን፣ አጎቴ ደጃፉ ላይ በጥፊ አጮለኝ። አንዴ መስሏችሁ? እጁ እስኪዝል ነው። ጎረቤቱ ቆሞ ያያል። እኔ ያኔ ጢም ያወጣሁ ሰው ነኝ፣ ግን እጄን አላነሳሁበትም፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ እኔንና ወንድሜን ያሳደገን እሱ ነው። ሲደክመው ጊታሩን በእግሩ ገፋ አደረገና፣ "የወንድምህን ደም በዚህ ነው የምትመልሰው? በክር?" አለኝ።

ወንድሜን የገደለው ሰው የሮቢት ገበሬ ነው፤ ማሳችን ይዋሰናል። በእኛ በራያ ቆላ ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈር እየከተርን ወደ ማሽላችን እንመልሳለን። ጎርፉ ካመለጠህ የዓመቱ እህል አመለጠህ። ወንድሜ ተራው ደርሶ ውሃውን ወደ እኛ ማሳ መልሶ ሳለ ሰውየው መጥቶ ክትሩን በአካፋ ናደው። ተሰዳደቡ፣ ተናነቁ፣ ሰውየው ወደ ኋላ አፈገፈገና ተኮሰ። እኔ ስደርስ ወንድሜ ጭቃው ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ፣ ጎርፉ በላዩ ይሄድ ነበር። ሰውየው ታሰረ፣ ፍርዱን ጨረሰ፣ ወጣ። ወጥቶም እዚያው ማሳው ላይ ያርሳል።

አጎቴ የወንድሜን ክላሽ እነዚያን ዓመታት ሁሉ በዘይት እየወለወለ አቆየልኝ። ሰውየው በተፈታ ሰሞን አመጣና ጉልበቴ ላይ አኖረው። "ሌላ ምንም አልልህም" አለኝ። ምን ይበለኝ? ገድለህ ና ማለቱ ነው።

ፈርቼ አይደለም የሸጥኩት። ፈሪስ ብሆን ደግ ነበር። ያንን ጠመንጃ ይዤ ሦስት ቀን ማሽላ ውስጥ ተኝቼ ጠብቄዋለሁ። በሦስተኛው ቀን በሬዎቹን እየነዳ ብቻውን መጣና አፈሙዜ ፊት ቆመ። ጣቴን ቃታው ላይ ሳደርግ ደስ አለኝ። አፈር ስበላ፣ ደስ ነው ያለኝ፤ ሠርግ የተጠራሁ ያህል። ያን ጊዜ ራሴን ፈራሁት። አልተኮስኩም፤ በነጋታው ዋጃ ገበያ ነበርኩ። ይህን ለአጎቴ ብነግረው ይገባው ነበር? ኧረ ወዲያ! እሱ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" እያለ ያሳደገን ሰው ነው።

ባስ ጊታሩን የሸጡልኝ ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ ሲጫወቱ የኖሩ፣ ባንዳቸው ሲበተን ዋጃ የገቡ አዛውንት ናቸው። ከዚያ በፊት በየሠርጉ ክራር እመታ ስለነበር ጣቴን አይተው ወደዱኝ፤ አንድ በጋ ሙሉ እቤታቸው እየተመላለስኩ አስተማሩኝ። የጊታሩን ታሪክ ሳይነግሩኝ ክር አያስነኩኝም ነበር።

"ይኼ ነገር ድሮ ቁም ሳጥን የሚያክል ቫዮሊን ነበር" አሉኝ። "ተጫዋቹ አቅፎት ቆሞ ነው የሚጎትተው። ጥሩምባውና ከበሮው ሲነሳ ምስኪኑ ጣቱ እስኪደማ ቢጎትትም የሚሰማው የለም። ሲጓዝ መኪና አናት ላይ ታስሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ቀደም ብሎ እንደ ጊታር በደረት የሚያዝ ሠርቶ ነበር፤ ማን ይግዛው! ኋላ ሬድዮ ሲጠግን የኖረ፣ ራሱ ጊታር መጫወት የማይችል ሰው መጣ። ድፍን ሳንቃ ቆረጠ፣ አራት ወፍራም ክር ወጠረበት፣ ከክሩ ሥር ማግኔት ቀበረ። ጆሮ የሌለውም ሰው ድምፁን እንዳይስት አንገቱ ላይ ቀጫጭን ብረት ደረደረበት። በቃ፣ ያ ሁሉ ቁም ሳጥን አንድ ሳንቃ ሆነ።"

ለምን ድፍን እንዳደረገው ጠየቅኳቸው። ክራሬ ሆዱ ባዶ ነው፤ ድምፅ ከባዶ ሆድ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። "ባዶ ሆድ በኤሌክትሪክ ሲጎላ ይንጫጫል፣ የራሱን ድምፅ መልሶ እየዋጠ ያጓራል" አሉኝ። "ድፍኑ ዝም ይላል፤ የሚጮህለት ሞንታርቦው ነው።"

እኛ አገር በወታደርና በፖሊስ ባንዶች ገባ፣ ከዚያ ወደ ሆቴል ቤት ወረደ ይላሉ። እሳቸው በጣት ሥጋ መምታት ጀምረው፣ ኋላ ክሩን በአውራ ጣት እየጠፈጠፉ መምታት ሲመጣ እሱንም ተማሩ፤ የመጀመሪያ ሰሞን ጥፍራቸው ጠቁሮ ወድቋል። አምስተኛ ክር የተጨመረበት ሲመጣ፣ "ለአራቱስ መቼ ጣት በቃን" ብለው ተዉት። ከዚያ ኪቦርድ መጣ። የኪቦርዱ ሰውዬ ባሱን በግራ እጁ ነጠቃቸው፣ ከበሮውንም ማሽኑ ሠራው፣ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሆነና እሳቸው ቤት ገቡ። አሁን ደግሞ ክራሩ ራሱ ወፍራም ክር ታስሮበት፣ ገመድ ተሰክቶበት፣ ባስ ክራር ተብሏል። "እንግዲህ ዞሮ ዞሮ የአንተ ክራር ሊበላኝ ነው" ብለው ሳቁብኝ።

እኔ ግን በዚህ ነገር አልደራደርም፤ ለራያ ጨዋታ ኪቦርድ አይሆንም። የእኛ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ተደርድሮ፣ ዘሎ መሬቱን ሲደልቀው ያንን እግር የሚሸከም ድምፅ ይፈልጋል። ቆቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርግ ላይ ስመታ አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "ኧረ ልጆች፣ ልቤን የሚገፋኝ ማነው?" አሉ። ጭፈራው ያን ቀን ባሰበትና ሁለት ጎረምሶች በዱላ ተፈነካከቱ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ ላይ ጥርስ ሲወልቅ አየሁ! አንድ ጊዜ ለደስታ የተተኮሰ ጥይት ከጆሮዬ ክንድ ርቆ ሞንታርቦውን በሳው፤ ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፈን ቀጠልን። በጦርነቱ ጊዜ ጊታሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ማሽላ አገዳ ክምር ሥር ቀበርኩት። የታጠቁ ሰዎች ቤቱን ሲፈትሹ እኔን በሰደፍ ደበደቡኝ፤ ክምሩን አልነኩትም። ቆቦ የባስ ክር የሚሸጥ ስለሌለ ላብና አቧራ ሲያደነቁረው ክሩን ፈትቼ በሳሙና ውሃ እቀቅለዋለሁ፤ ድምፁ ይመለሳል። ባለቤቴ ድስቱን ከፍታ፣ "ዛሬ ደግሞ የሽቦ ወጥ ነው?" ትለኛለች።

እነዚህን ዓመታት ሁሉ ሰውየውን ላለማየት ያላደረግኩት የለም። ማሳችንን ለእኩል አራሽ ሰጠሁ፤ እሱ ያለበት ገበያ አልወጣም። ሮቢት ሠርግ ሲጠሩኝ አሞኛል እላለሁ። አጎቴ በየበዓሉ ይጠራኛል፤ ቀድቶ ይሰጠኝና፣ "ወንድምህ ደህና ነው?" ይለኛል። ሰው እንደዚህ ይቀልዳል? ጥርሴን ነክሼ እጠጣለሁ።

ያ ሠርግ ግን ዋጃ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰውየው የሙሽራው እንግዳ ሆኖ እንደሚመጣ ማን ያውቃል! ዳሱ ውስጥ ጨፋሪው ሲደረደር መሀል ላይ አየሁት። ሸምግሏል። ሆኖም ይጨፍራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እኔ ክሩን በመታሁ ቁጥር እግሩ መሬት ይመታል። ደሜ ፈላ። ማቆም ነበረብኝ፤ እኔ ግን ይባስ ብዬ አጠበቅሁት። እሱም ይባስ ብሎ ዘለለ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ወደ እኛ መጣ። ሠርግ ላይ ደስ ያለው ሰው ለሙዚቀኛ ብር ግንባሩ ላይ እንደሚለጥፍ ታውቃላችሁ። ዘፋኙን ሸለመ፣ ከበሮ መቺውን ሸለመ፣ እኔ ጋ ደረሰ። አላወቀኝም፤ ሲታሰር ልጅ ነበርኩ። አንድ ብር አወጣና በላቤ ላይ ለጠፈው፤ እንዳይወድቅም በአውራ ጣቱ ግንባሬ ላይ ጫን አደረገው። ያ እጅ ነው፣ ያ የተኮሰው እጅ! ጊታሩን ከትከሻዬ ያወጣሁት መቼ እንደሆነ አላውቅም። የጊታሩን አንገት በሁለት እጄ ጨብጬ ከጆሮው በላይ አሳረፍኩበት።

ክራር ቢሆን ኖሮ ይሰበር ነበር። እሱም ይፈነከት፣ እኔም አፍር፣ በዚያው እንለያይ ነበር። ያ አሜሪካዊ ግን ድፍን አድርጎ ሠርቶታል። ግንድ ላይ እንዳረፈ መጥረቢያ ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰውየው ተቆልምሞ ወደቀ፣ ደሙ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ደግሜ አነሳሁት። ከበሮ መቺያችን ከኋላ አቅፎ ባይዘኝ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። በየአቅጣጫው ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ፤ ሙሽራዋ ትጮሃለች፤ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እያነጠፉ መሀል ገብተው ነው ያተረፉኝ።

ታሰርኩ። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ሳምንታት አንደበቱ ተዘጋ። እኔ እስር ቤት ሆኜ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞተ ወይስ አለ? አጎቴ ጥሬ ሥጋ አስይዞ መጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስቆ የማያውቀው ሰው ሁለቱን ጉንጮቼን ስሞ፣ "አሁን ገና ወንድ ሆንክ!" አለኝ። ሥጋውን ለእስረኛው ሰጠሁት፤ አልወረደልኝም።

ሰውየው ተረፈ። እኔም በዋስ ስወጣ ሽማግሌ ገባ። ከሮቢት ወዲህ አንድ ዋርካ ሥር ሼሁም ቄሱም ባሉበት ተቀመጥን፤ መሣሪያ ሁሉ ራቅ ብሎ ከአንድ ግራር ጋር ተደገፈ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን እንዲህ አስተካክለው አመጡት፦ "ጊታር የሥራ ዕቃ እንጂ መሣሪያ አይደለም። ልጁ በጭፈራ መሀል ከእጁ አምልጦት ነው። ይህን ይበልና ይማል፤ በዚህ የወንድሙም የዛሬውም ደም ይድረቅ።" የሰውየው ዘመዶች ተስማሙ። አጎቴም አልተቃወመም። አንድ ቃል ብቻ ነው ከእኔ የቀረው።

ቆምኩ። ሰውየው ፊት ለፊቴ ነው፤ ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ገብቶ ይታያል፣ አንድ ዓይኑ አይከደንም። አፌ እንቢ አለኝ።

"አላመለጠኝም" አልኩት። "ልገድልህ ነው የመታሁህ። ደግሜም አንስቼው ነበር።"

ሰዉ አጉረመረመ። ሽማግሌው፣ "አንተ ልጅ፣ እርቁን አታፍርስ!" ብለው ጮኹብኝ። ሰውየው ግን እጁን አነሳ። ምላሱ ይከብደዋል፤ ቃል በቃል ነው የሚያወጣው።

"እኔም ፍርድ ቤት ቆሜ፣ ጠመንጃው ባርቆብኝ ነው ብዬ ምያለሁ" አለ። "አልባረቀብኝም። ደረቱን አይቼ ነው የተኮስኩት።"

አጎቴ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ግራሩ ሮጠ። በዚያ ዕድሜው እንደዚያ ይሮጣል ብሎ ያሰበ የለም። ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩበት፤ ጠመንጃ በማንገቻው ጎትቶ ይዟል። ወገቡን ይዤ መሬት ላይ ጣልኩት፣ በላዩ ተኛሁበት። ያሳደገኝን ሰው! በክርኑ አፍንጫዬን ሰበረው፣ ጠመንጃውን ስቀማው አውራ ጣቴን ነከሰ። ጥርሱ ጅማቴን ሲበጥሰው ተሰማኝ፤ ጣቱ ዛሬም አይታጠፍልኝም፣ ባስ የምመታበት ጣት ነው።

"ልቀቀኝ! ሰማህ አይደል ምን እንዳለ? ወንድምህ ነው!"

"ወንድሜ ነው፣ ጋሼ።"

"ልቀቀኝ ልጄ!"

"አለቅህም።"

ጣቴን ከአፉ አወጣና ማልቀስ ጀመረ። በወንድሜ ቀብር ላይ እንኳ እንባ አልወጣውም ነበር። ደረቱ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል፣ የአፍንጫዬ ደም ሽበቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሰውየውም ከቆመበት አልሸሸም። ሽማግሌዎቹ ጠመንጃዎቹን ሁሉ ሰብስበው እስኪወስዱ ድረስ ከላዩ አልተነሳሁም።