ሜርል ቅጹ ላይ የጻፈው ደመወዝ

ወንድሜን ሜርል ስታፈርን የሚያውቀው ሁሉ ይወደዋል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ከሌላው ይልቅ በደንብ ስለማውቀው እንደ ሌላው በቀላሉ አልወደውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ክዳን በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የብረት መጭመቂያ ላይ ቆሞ ኖሯል። ትኩሳት ይዞት ገብቷል፣ በረዶ መንገድ ሲዘጋ በጎረቤት ትራክተር ሄዷል። አባታችን በተቀበረ ዕለት እንኳ «ከሰዓት በኋላ ልግባ?» ብሎ ደውሎ፣ አለቃው ነው «ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? አርፈህ እቤትህ ተቀመጥ» ያለው። እኛ ኦሃዮ ውስጥ፣ እንደኛዋ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ወንድ ማለት የሚሠራበት ቦታና የሠራበት ዓመት ነው። ስሙን ሳይነግርህ በፊት እሱን ይነግርሃል።

ማርች ላይ ፋብሪካው ተዘጋ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ለለቅሶ እንደሚደረገው በየሠራተኛው ቤት የመኮሮኒ ትሪ ማመላለስ ጀመሩ። ሜርል ትሪዎቹን እያጠበ ለየባለቤቱ መለሰና «ሰዉ ምን ነካው? የሞተ አለ እንዴ?» አለ። ጎህ ሳይቀድ መነሳቱን ግን አልተወም። ምሳውን በሣጥኑ ይቋጥራል፣ ቡናውን በፔርሙስ ይሞላል፣ ከዚያ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገብቶ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ሲጠግን ይውላል። ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቋጠረውን ይበላል። ወጥ ቤቱ እኮ ዐሥር እርምጃ ነው!

የሞተስ ነበር። ከፋብሪካው ጋር አብሮ የሞተው፣ ፋብሪካው ለቤተሰቡ የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ ነው። ሚስቱ ግሌንዳ ክፉ የመገጣጠሚያ በሽታ አለባት፤ በየሁለት ሳምንቱ ሆዷ ላይ የምትወጋው መርፌ ከሌለ ጣቶቿ ያብጣሉ፣ ከዚያ ይቆለመማሉ። እሷ ደግሞ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን የአሮጊቶቹን ፀጉር የምትሠራ ሴት ናት፤ ኑሮዋ በጣቶቿ ነው። የመርፌውን ዋጋ ፋርማሲ ሄጄ ብጠይቅ፣ ያለ ኢንሹራንስ በየወሩ አንድ ያገለገለ መኪና እንደ መግዛት ሆኖ አገኘሁት። ኢንሹራንሱ በተቋረጠ ቀን ፍሪጇ ውስጥ የነበሩት ሦስት መርፌዎች ናቸው።

ከፋብሪካው ደብዳቤ መጣ። የድሮውን ኢንሹራንስ መያዝ ትችላላችሁ፣ ሙሉውን ራሳችሁ ከከፈላችሁ፤ በወር ወደ ሁለት ሺህ ዶላር። «በሬህን አርደው ቆዳውን ግዛን ይሉሃል!» አልኩት። ሌላው መንገድ መንግሥት በኢንተርኔት የከፈተው የኢንሹራንስ ገበያ ነው። እዚያ ገቢህን ትሞላለህ፣ ገቢህ ዝቅ ያለ እንደሆነ መንግሥት አብዛኛውን ይከፍልልሃል። ግን ኢንሹራንስህ ከተቋረጠ በስልሳ ቀን ውስጥ ካልተመዘገብክ፣ እስከ አዲሱ ዓመት በሩ ይዘጋል።

«ስልሳ ቀን ብዙ ነው» አለ ሜርል።

ብዙ! የሜርልን ስልሳ ቀን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ «ርካሽ ኢንሹራንስ» ብሎ ፈለገና አንዱ የማይታወቅ ቦታ ላይ ስልክ ቁጥሩን ጻፈ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስልኩ ዕረፍት አላገኘም። በቀን መቶ ጊዜ ይደወላል። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ይል ነበር። ሜርል ግን የሚደወልን ስልክ አለማንሳት ነውር ነው ብሎ ያደገ ሰው ነው። ለፋሲካ ምሳ ጠርቻቸው፣ ሥጋው እየቀዘቀዘ፣ እሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ አየሩ ይጫወታል።

«ዝጋበት!» ብዬ ጮህኩ።

«ሥራው ነው እኮ ኔልዳ። ሁሉም ከዘጋበት ምን ይብላ?»

«አንተስ ምን ትብላ? ገብተህ ብላ!»

ከደዋዮቹ አንዱ፣ ብራድሊ የሚሉት፣ ወዳጁ ሆነ። ብራድሊም የልጆቹን ስም ሳይቀር ነገረው። በሁለተኛው ሳምንት ሜርል እየሳቀ መጣና ከእሱ የገዛውን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ለሁለታቸው በወር ሁለት መቶ የማይሞላ፣ ሁሉን የሚሸፍን። እኔ መነጽሬን አድርጌ ከበስተኋላው ያለውን ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ አነበብኩ። ካርዱን ከመግዛትዎ በፊት የነበረ በሽታ አይሸፈንም ይላል። ይህ ኢንሹራንስ አይደለም ብሎም ራሱ ጽፏል!

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው» አልኩት። «የግሌንዳ በሽታ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ታዲያ ይሄ ምኗን ሊሸፍን ነው?»

«ብራድሊ ግን ጥሩ ሰው ነው...»

«ስልኩን ስጠኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳሁ ሴት ነኝ። ብራድሊን አናገርኩት። ገንዘቡ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፣ ብራድሊም ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ሜርል ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ፤ ሰው አስቀየምሽብኝ ብሎ።

ከዚያ በግድ ወደ መንግሥቱ ገበያ አስገባሁት። አጠገብህ ልቀመጥ ስለው «የገዛ ቅጼን መሙላት አያቅተኝም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊቱ ቀልቶ ወጣ። «ለሁለታችን በወር ከሁለት ሺህ በላይ ነው። ነገሩ ለእኛ ዓይነት ሰው አይደለም።»

አናቴ ዞረ። ከጎኑ ባለው ማሽን ላይ የሠራው ቨርጂል እኮ በዚያው ገበያ መቶ ዶላር ለማይሞላ ተመዝግቧል!

«ቨርጂል ሌላ ነው።»

«በምን ሌላ ነው? ከጎንህ ቆሞ አይደል እንዴ የሠራው? ሚስትም እንዳንተው አለችው!»

«ሌላ ነው አልኩሽ፣ በቃ።»

አልገባኝም። ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልገባኝም! ቅጹን አሳየኝ ስለው አያሳይም፣ እንደገና እንሙላው ስለው ሣር ማጨጃ አለብኝ ይላል። ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ገጠምን። በመካከል ግሌንዳን «መርፌው አለ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። «አለ፣ አለ፣ አትጨነቂ» ትለኛለች። እሱም ይጠይቃታል፤ ለእሱም «አለ» ትለዋለች። ግሌንዳ ባሏ ፊት የጎደለ ነገር ተናግራ አታውቅም።

በአምሳ ስድስተኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀ። ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ መጻሕፍታችን ካንዲስ የምትባል ሴት እየተቀመጠች ሰዉን በነፃ ታስመዘግባለች። ሁለቱንም መኪናዬ ውስጥ ጫንኳቸው። ሜርል መንገዱን ሁሉ አጉረመረመ።

«የቸገረው ሰው ወረፋ ልንወስድ ነው።»

«የቸገረው አንተ ነህ፣ አንተ ድንጋይ!»

ካንዲስ ረጋ ያለች፣ ሽበት የወረራት ሴት ናት። ቀድሞ የሞላውን ቅጽ ከፍታ አነበበችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። «አቶ ስታፈር፣ የዘንድሮ ገቢያችሁ ሰማንያ ስምንት ሺህ ነው ይላል። አሁን የት ነው የሚሠሩት?»

«መጭመቂያ ላይ። ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«ፋብሪካው ተዘግቶ የለም እንዴ?»

ሜርል ቆቡን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። «በመከር መልሰው ይጠሩናል የሚል ወሬ አለ።»

ያኔ ገባኝ። የሰው ያለህ! አገሩ ሁሉ ቅጽ ሲሞላ ገቢውን ያሳንሳል፤ ኩራት ራቱ የሆነው ወንድሜ ዋሽቶ ከፍ አደረገው!

«ሜርል!» አልኩ፤ ጋዜጣ የሚያነቡት ሽማግሌዎች ሁሉ ዞሩ። «የድሮ ደመወዝህን ነው የጻፍከው?»

«ታዲያ ምን ልጻፍ? የማገኘውን ጻፍኩ።»

«ታገኝ የነበረውን!»

«ቅጹ የሚጠይቀው ዘንድሮ የሚያገኙትን ነው» አለች ካንዲስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከ ማርች የተከፈለዎትን፣ የሥራ አጥ አበሉን፣ የባለቤትዎን ደመወዝ፣ እሱን ብቻ።»

«እዚያ ላይ ሥራ ፈት ነኝ ብዬ አልፈርምም» አለ ሜርል። «ከዐሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ የሰው እጅ አላየሁም። ዛሬም አላይም።» እጁን አጣምሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። እዚያ በተደረደሩት መጻሕፍት አናቱን ብመታው ደስ ባለኝ።

ካንዲስ የሚያጋጥማት የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውቃል። አልተከራከረችውም። እሷ በስማቸው እንድትሞላ የሚፈቅደውን ወረቀት አወጣችና «እስቲ በባለቤትዎ እንጀምር» ብላ እስክሪብቶ ለግሌንዳ ሰጠቻት።

ግሌንዳ እስክሪብቶውን ያዘች፤ ወደቀባት። አነሳችው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥጣ «ግ»ን ብላ ስትጀምር እንደገና ወደቀ። ሌሎቹ ጣቶቿ መዳፏ ላይ ተኝተዋል፤ አንጓዎቹ ቀልተው ያብረቀርቃሉ። «ዛሬ እጄ ሰንፏል» አለችና ሳቀች። በመኪና ስንመጣ ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ያስተዋልኩት ያኔ ነው። አንጀቴን በላችው።

ሜርል ከመስኮቱ ዞረ። እጇን አየው።

«መርፌሽን መቼ ነው የተወጋሽው?»

«ሰሞኑን።»

«ግሌንዳ።»

«የዛሬ አምስት ሳምንት።»

«አለ ስትዪኝ አልነበር?»

«አለ እኮ» አለች። «አንድ አለ። ላዳርሰው ብዬ ነው። አንተን እንዳላጣድፍህ ብዬ ነው።»

የሜርልን ፊት አላየሁትም፤ ላየውም አልፈለግሁም። ድምፁን ግን ሰማሁ። «ጻፊ» አላት ካንዲስን። «ሥራ የለኝም። ፋብሪካው ተዘግቷል። አይከፈትም።» ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ የፈለገ ይመስል ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። ግማሾቹ አብረውት የሠሩ ናቸው፤ ጋዜጣቸው ውስጥ አቀረቀሩ።

እውነተኛው ገቢ ተደምሮ ሠላሳ አምስት ሺህ መጣ። ካንዲስ ቁልፉን ስትጫን በወር የሚከፍሉት ከመቶ ዶላር በታች ሆኖ ወጣ። መርፌውም ተሸፍኗል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃያ አምስት ደቂቃ! ለሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ አምሳ ስድስት ቀን! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ የእኛው ጉድ ደግሞ ሌላ ነው፣ የደበቀው እሱ፣ መድኃኒት ያጣችው እሷ። በመልሱ መንገድ ዓይኔን ከአስፋልቱ ሳልነቅል ነዳሁ። መሳደብ ብጀምር ማቆም አልችልም ነበር።

ኢንሹራንሱ ጁን አንድ ቀን ጀመረ። መርፌው መጣ፣ እብጠቱ እየጎደለ ሄደ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን፣ የቀለበቷና ትንሿ፣ እንደታጠፉ ቀሩ። ጁላይ ላይ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ እኔም አብሬ ገባሁ፤ እነዚህን ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የትም መላክ ትቻለሁ። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሊያቃና ሞከረና ራሱን ነቀነቀ። ጅማቱ ደርቋል፣ ሊመለሱም ላይመለሱም ይችላሉ አለ። መቀስ ስለ መያዝ ስትጠይቀው ወደ መዝገቡ አቀረቀረ።

«መርፌው ባይቋረጥ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ» አላት። «ለምንድን ነው ይህን ያህል የዘገያችሁት?»

«ወረቀቱ ነው ዶክተር» አለች ግሌንዳ ፈገግ ብላ። «የመንግሥት ወረቀት ታውቀው የለ? ማለቂያ የለውም።»

አፌን ከፈትኩ። ከማርች ጀምሮ ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ሜርል ቀደመኝ። በሩ ጋ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «ወረቀቱ አይደለም ዶክተር» አለ። «ወረቀቱ ምንም አላደረገም። ሥራ ፈት ነኝ ማለት አፍሬ፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት።»

«ተው ሜርል» አለችው ግሌንዳ።

«አልተውም። እሱን ጻፈው» አለው ለሐኪሙ።

ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ግሌንዳ በደህና እጇ ወንበሩን መታ መታ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችው። እኔ ስድቤን ዋጥኩና ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።