መንታ የወለደችው በግና የእኔ ድርሻ

«በጊቱ መንታ ወልዳለች» አሉኝ አያቴ በስልክ። «አንዷ ያንቺ ናት።»

ሃኪርያ ፌርማታ ላይ ቆሜ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። እዚያው ዘለልሁ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ። በግ ወልዳልኝ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

አያቴ ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ቀናቸውን የሚያሳልፉት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሞሻቭ በሚሉት የገበሬዎች መንደር፣ አንድ ገበሬ በፈቀደላቸው ሜዳ ላይ ጥቂት በጎች እየጠበቁ ነው።

ካቻምና፣ ለአክስቴ ልጅ ባት ሚጽቫ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ዓመት በዓሏ፣ በዚያው ሳምንት የተወለደች እንስት ግልገል ሰጧት። እኛ እኩያሞች ነን። የእኔ ባት ሚጽቫ ግን በጎቹ ከመገዛታቸው በፊት ስላለፈ የደረሰኝ ሐብል ነበር። ግልገሏን ካየሁ በኋላ ሐብሉን አንገቴ ላይ አላደረግሁትም።

የአክስቴ ልጅ ደስ ብሏት ግልገሏን በሕፃን እርጥብ መጥረጊያ፣ በዚያ ሽቶ ሽቶ በሚለው፣ ከራስ እስከ ጅራት ወለወለቻት። እናቲቱ አሸተተቻትና የልጇን ሽታ ብታጣባት በግንባሯ ገፋቻት። አያቴ ትልሳት እንደሆነ ብለው ጀርባዋ ላይ ጨው ነሰነሱ፤ በጄ አላለችም። በጡጦ የሚያሳድጋት ሰው ጠፋ። የአክስቴ ልጅ ሮቫ ዳሌት ነው ቤቷ፣ በየቀኑ ልትመጣ አትችልም። እኔ አጠባታለሁ አልሁ። ከርኅራኄ አልነበረም፤ ግልገሏ እኔን እናቷ ብላ እንድትከተለኝ ፈልጌ ነው።

ተከተለችኝም። ከትምህርት ቤት ስመጣ ድምፄን ሰምታ ትሮጣለች። የአክስቴ ልጅ ግን በሳምንት አንዴ ብቅ ትልና «በጌን ደህና ይዘሻታል፣ መታፔሌት?» ትለኛለች። ሞግዚት ማለቷ ነው። አንጀቴ ያርር ነበር።

አንድ ቀን ለአያቴ አለቀስሁላቸው።

«አባባ፣ እኔ አሳድጌ በጊቱ የእሷ ትሁን?»

«በእኛ አገር የሰው በግ ያረባ ሰው ከግልገሉ ይካፈላል» አሉኝ። «እስክትወልድ ታገሺ።»

ታገሥሁ። እንግዲህ መንታ መጣ።

አርብ ሁለታችንም ሜዳው ላይ ተገኘን። አንዷ ግልገል ነጭ ሆና አንድ ጆሮዋ ጥቁር ነው፣ ሌላዋ ትንሽዬ ቡናማ። መጀመሪያ የሚመርጠው ባለቤት ነው አሉ አያቴ። እኔ ነጯን አየኋትና በፍቅሯ ነፍሴ ወጣች። ስለዚህ ቡናማዋን አነሣሁ፤ አቀፍኋት፣ ሳምኋት፣ እንዲህ ያለች ቆንጆ አይቼ አላውቅም አልሁ። የአክስቴ ልጅ ዓይኗ ቀላ።

«እሷን ነው የምፈልገው» ብላ ከእጄ ወሰደቻት።

ነጯ የእኔ ሆነች። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ሜዳውን ዞርሁት። ተመልሼ ስመጣ ቡናማዋ የአክስቴ ልጅ ጉልበት ላይ ተኝታለች፣ እንዴት ታምራለች መሰላችሁ! ምነው ባልሰጠኋት አልሁ። እሷም የእኔን ግልገል ሰርቃ ስታይ ያዝኋት። አያቴ ሁለታችንንም አይተው፣ እናንተ ባትቀናኑ ኖሮ በጎቼን ማን ይጠብቅልኝ ነበር ብለው ሣቁ።

የእኔ ትበልጣለች፣ የእሷ ትበልጣለች ስንባባል እስካሁን አልተስማማንም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አርብ ከሰንበት መግቢያ በፊት ወደ ሜዳው ኑና ፍረዱን። ለነጯ ብትፈርዱ ደግሞ ቅር አይለኝም።