ከነላስቲኩ የቀበርኩት ዋንዛ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ይህን የምጽፈው በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው።

ያዮ ጫካ ዳር፣ በተመነጠረው ቦታ ላይ፣ ክረምት ክረምት ዋንዛ እንተክላለን። ችግኞቹን ከዘር ጀምረው አፈር በሞላው ላስቲክ ውስጥ የሚያሳድጉት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። "ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፤ አለዚያ ሥሩ ይታነቃል" ብለው አሳይተውናል። አንድ ሐምሌ ዝናቡ እጄን አደንዝዞት ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። አንዷ "ሙሽሪት፣ ሚዜ እንላክልሽ?" ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። አፍሬ የቀሩኝን በሙሉ ከነላስቲካቸው ቀበርኳቸው።

በየካቲት እኔ የተከልኩት መደዳ ደረቀ። ማን የት እንደተከለ የሚያስታውስ አልነበረም። ሊጎበኙ የመጡት ኃላፊዎች ጋሼን በሰው ፊት "ችግኝዎ ደካማ ነው፤ ለከርሞ ሌላ ሰው እንፈልጋለን" አሏቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ።

ሰው ሲበተን አንዱን ችግኝ ነቅዬ ሰጠኋቸው። ላስቲኩን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ሥሩ ውስጡ ተጠምጥሞ ደርቋል።

"እኔ እኮ ዘሩን የለቀምኩባትን ዛፍ ነበር ስወቅስ የከረምኩት" አሉ። "በይ ሩጪ፣ ሳይሄዱ ንገሪልኝ።"

ሮጥኩ። የኃላፊዎቹ መኪና አልተነሳም ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነው። አንዱ ኃላፊ "ምን ነበር እህቴ?" አለኝ። ቃል አልወጣኝም። ሞተሩ ተነሳ፤ እኔ ችግኙን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጋሼ ቀስ ብለው ደረሱብኝ።

"ተይው በቃ ልጄ፣ ሄደዋል" አሉኝ።