የድንበሩ ግድብና ሰጋጆቹ ወፎች

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጆቼን አስከትዬ ከመንዝ ወደ ግሼ፣ እህቴ ዘንድ ስሻገር፣ ግድቡ ዳር ደርሰን እግራችንን ልናሳርፍ ቁጭ አልን። ወዲያው ፉጨት የመሰለ የክንፍ ድምፅ ከራሳችን በላይ አለፈ። ቀና ስል እነሱ ናቸው። ብድግ ብዬ ተነሣሁ፣ ነጠላዬ ወደቀ፣ «ገቡ፣ ገቡ፣ ሰጋጆቹ ገቡ» እያልኩ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ልጆቹ ተያዩ። «እምዬ፣ ምን ነካሽ? ወፍ እኮ ነው» አሉኝ። ወፍ እኮ ነው ይሉኛል! በሉ ስሙ እንግዲህ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የተማረው እግሬ ነው፤ ከደብር ደብር፣ ከልጅ ቤት ልጅ ቤት ስዞር ነው የኖርኩት። እኔ እላለሁ፣ ትልቋ የልጅ ልጄ ትጻፈው።

ልጅ እያለሁ እዚህ ቦታ ይህ ሁሉ ውኃ አልነበረም። በበጋ የምትደርቅ፣ በክረምት የምታብድ አንዲት ቀጭን ጅረት ነበረች። መንዝንና ግሼን የምትለየን እሷ ናት። መሐሏ ላይ ፈረስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፤ ወሰኑ እሱ ነው። ከድንጋዩ ወዲህ የኛ፣ ከድንጋዩ ወዲያ የእነሱ። የኛ በግ ድንጋዩን ካለፈች ትታሰራለች፤ የእነሱም ወዲህ ካለፈች እንደዚያው። ሽማግሌዎቻችን የታሰረ በግ ሊያስፈቱ ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ፤ ያውም ጫማ የነበረው።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። እሱን አሁን አላነሣውም። የተረፍነው ከተረፍን በኋላ፣ ጅረቷ ትገደብ፣ ውኃ ይጠራቀም ተባለና የሥራው ክፍያ ስንዴና ዘይት ሆነ። ከሁለቱም ዳር ሰው ወረደ። ወንዱ በዶማ ይቆፍራል፣ ሴቱ ሁለት ሁለት እየሆነ አፈሩን በባሬላ ይሸከማል፣ እንደኔ ያለነው ልጆች ውኃ እናቀብላለን። ያ የእርጥብ አፈርና የዘይት ቆርቆሮ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። የመንዝ ሰው አንድ ዜማ ካነሣ የግሼ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ላለመበላለጥ ሲሉ ግድቡ ሳይታሰብ ቶሎ አለቀ።

እህቴ ዘነበች ባሬላ ተሸካሚ ነበረች። ከግሼ በኩል ሽፈራው የሚባል ጎረምሳ የተደፋውን አፈር ይጠቀጥቃል። ዘነበች አፈሯን የምትደፋው ሁልጊዜ እሱ እግር ሥር ነው። የሥራው ተቆጣጣሪ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጋ ተራራ ልትሠሪ ነው እንዴ? ወደዚህ ድፊው እንጂ» ቢላት ወይ ፍንክች። ግድቡ ሲያልቅ የሁለቱም ነገር አብሮ አለቀ። የሽፈራው አባት አያ ተሰማ ሽማግሌ ላኩ፣ አባቴም ከብዙ ማንገራገር በኋላ እሺ አለ። ሠርጉ ከመጪው ፋሲካ በኋላ፣ በዳግማ ትንሣኤ እንዲሆን ቃል ታሰረ።

ሐምሌ ሲገባ ውኃው መጠራቀም ጀመረ። እኔ በየማለዳው እየሮጥኩ ወርጄ ድንጋዩን አያለሁ። መጀመሪያ እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ እስከ ሆዱ ገባ፤ ሊታጠብ ውኃ የገባ ፈረስ ይመስላል። በፍልሰታ አንድ ማለዳ ብወርድ ጭራሽ የለም። የሁለቱም ዳር ሽማግሌ ወጥቶ ቆሞ ያያል። ኋላ አባቴ «እንግዲህ ድንበሩን የሚያውቀው እንቁራሪት ብቻ ነው» አለ። ከወዲያ ዳር ሳቁ፤ ከወዲህም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ፍጥረት ምን ብዬ ልንገራችሁ! እንቁራሪቱ ከየት እንደ ተሰበሰበ እንጃ፣ አመሻሽ ላይ እርስ በርስ መነጋገር እስኪያቅተን ይጮህ ነበር። ይብራ፣ ያ የደጋ ዝይ፣ ከጓሳው የሣር ሜዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወረደ። ጭላዳ ከገደሉ ወጥቶ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል፣ ወንዱ ውኃው ውስጥ ሌላ ጭላዳ አየና ጎፈሩን ነስንሶ ተቆጣው፤ እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ቀይ ቀበሮ ሳይቀር በጠዋት በዳሩ ላይ ኮራ ብላ ታልፋለች።

መስቀል ካለፈ ወዲያ ግን፣ አገሬው አይቶት የማያውቅ ወፍ መጣ። በመንጋ! ወንዱ ራሱ ቡናማ፣ አንገቱ ነጭ፣ ጅራቱ እንደ ስፌት መስፌ የሾለ ነው። ሲበላ ራሱን ውኃው ውስጥ ይነክርና ጅራቱን ሽቅብ ያቆማል። አንዱ ሲነክር ሌላው ይነክራል፤ ግድቡ ሙሉ ሰግዶ ሲነሣ፣ ሰግዶ ሲነሣ ይውላል። እኛ ልጆቹ «ሰጋጆች» ብለን ስም አወጣንላቸው፤ ስሙም ጸደቀ። የሰበካችን ቄስ መጥተው አይተው «እናንተስ ቅዳሴ ላይ እንዲህ ብትሰግዱ ምን ነበረበት?» ብለው ወቀሱን፤ ግን ሲስቁ አይተናቸዋል።

በጉ ቀረና አሁን ክርክሩ በወፍ ሆነ። የኛ ሰው «ከኛ ዳር ስለሚውሉ የኛ ናቸው» ይላል፤ የግሼ ሰው «ከኛ ዳር ስለሚያድሩ የኛ ናቸው» ይላል። እንግዲህ የሰው አገሩ የሚውልበት ነው ወይስ የሚያድርበት? ግን የፍቅር ክርክር ነበረች። ድንጋይ የወረወረባቸው ልጅ ከሁለቱም ወገን ኩርኩም ይቀምስ ነበር።

ሁዳዴ ተያዘ። ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አንድ ማለዳ ውኃ ልቀዳ ብወርድ ግድቡ ጸጥ ብሏል። አንድም ሰጋጅ የለም። በነጋታውም የለም። በሦስተኛው ቀን አባቴ ዳሩን ዞሮ ሲፈልግ፣ በግሼ በኩል፣ ከአያ ተሰማ ቤት በታች ካለ የእረኛ ምድጃ አጠገብ እፍኝ ሙሉ ላባ አገኘ። አለቀ! ነገሩ በአገሩ ተዛመተ። በሉ፣ እናንተ የዛሬ ልጆች ይህ ቀላል ይመስላችኋል። በሁዳዴ! ያውም የእግሩ ጣት የተጣበቀ፣ በደጉም ቀን የማይበላ ወፍ! አባቴ ቤት ገብቶ «በዐቢይ ጾም እንዲህ ያለ ነገር ከሚቀመስበት ቤት ልጄን አልሰጥም» አለ። ዘነበች ጓዳ ገባች። ተከትያት ብገባ፣ ለሠርጓ የምትሰፋውን ሌማት ጭኗ ላይ አስቀምጣ መስፌውን ይዛ ተቀምጣለች። መስፌውን ሳየው የወፎቹ ጅራት ትዝ አለኝና ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በሰንበቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ይህ የጥንት ሸንጎ ነው፤ አገር ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ አጥፊው እስኪወጣ ማንም ከቦታው አይነሣም። ሁለቱም ወገን ግድቡ ጀርባ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አባቴ ላባውን ከፍ አድርጎ አሳየና የሚለውን ሁሉ አለ፤ የአያ ተሰማን ቤት እየጠቀሰ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከኛ ወገን የነበሩ አንዲት አሮጊት «የጠፋው በሬ ቢሆን ዱካ እንከተል ነበር፤ ለወፍ ዱካ ሰማይ ልንወጣ ነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

አያ ተሰማ ተነሡ። በዚያ ሙቀት የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን በጡጫቸው ጨብጠው ነበር የቆሙት። እኔ ቆሎ ቋጥረው ይሆናል፣ ሲጨርሱ ለልጆች ያድሉን ይሆናል ብዬ ዓይኔን ከቋጠሮው አልነቀልኩም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አሉ። «እነዚህ ወፎች ከየት እንደ መጡ እዚህ ካለነው የሚያውቅ አለ? የለም። የመጡበትን ሳናውቅ የሄዱበትን እንዴት እናውቃለን? ጓሳ እንኳ ከብት እንዳይገባበት ተዘግቶ፣ ሣሩ ደርሶ፣ በጊዜው ይከፈታል። ይህንንም ነገር እንዝጋው። የመጡበት ወራት ይድረስ። ከመጡ ልጆቻችን ይጋቡ። ካልመጡ ጥፋቱ የቤቴ ይሁን፤ ልጄም ልጅህን አይጠይቅህም።»

አባቴ «ወፍ ደግሞ ቀጠሮ ታከብራለች?» አለ።

«ሰው ማክበር ካቃተው እሷ ትሞክረው» አሉ አያ ተሰማ።

አባቴም እንኳ ሳቅ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። ነገሩ ተዘጋ። አያ ተሰማ ቋጠሯቸውን ሳይፈቱ ሄዱ፤ እኔም ስለ ቆሎው ተቀይሜ ቀረሁ።

ያ ክረምት እንዴት ረዘመ! ዘነበች ደጃችን ምንጭ እያለ ውኃ የምትቀዳው ከግድቡ ነው። ሽፈራውም ከወዲያ ዳር ፈረሱን ያጠጣል፤ ያ ፈረስ ያን ክረምት የጠጣውን ያህል ፈረስ ጠጥቶ አያውቅም። አይነጋገሩም፤ ቃል ተከልክሏል። መስቀል ደረሰ፣ ደመራው ነደደ፣ ሰማዩ ባዶ። ጥቅምት ገባ፣ ገብሱ ነጣ፣ ሰማዩ ባዶ። ከሞላሌ ዘነበችን ለሌላ ሰው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡና አባቴ «ገብሱን ልጨድ፣ ከዚያ ተመለሱ» አላቸው። እምቢ አላላቸውም። ዘነበች ያን ዕለት እንጀራ አልቀመሰችም።

ገብሱ ሊያልቅ አንድ ሁለት ጥማድ ሲቀረው፣ ውርጭ ያነጣው ማለዳ ነበር። እኔና ዘነበች ግድቡ ዳር እንስራችንን አስቀምጠን እጃችንን በእስትንፋሳችን እናሞቃለን። ያ ፉጨት መጣ። ዘነበች ክንዴን ጨመደደችኝ፣ ጥፍሯ ገባ። ከሰሜን፣ ከጓሳው ጫፍ በላይ፣ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ሰማዩ ላይ ተዘረጋ፤ ቀረበ፣ ወፍ ሆነ፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረና ውኃውን እየሰነጠቀ አረፈ። አንዱ ራሱን ነከረ፤ ጅራቱ ሽቅብ ቆመ። እልል ልል አፌን ስከፍት ዘነበች አፌን ያዘችኝ፤ «ዝም በይ፣ እንዳይነሡ፤ አባዬ ይያቸው፣ ሩጪ» አለችኝ።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። እሾኹንም ድንጋዩንም አላየሁም። አባቴ ማጭዱን እንደያዘ ወረደ። ከወዲያ ዳር አያ ተሰማ ቀድመው ቆመዋል። ሁለቱ ሰዎች ውኃውን መሐል አድርገው ወፉን ያያሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። እኔ የአባቴን ፊት ነው የማየው። ኋላ ማጭዱን መሬት አስቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«አያ ተሰማ፤ እንግዶቻችን ገብተዋል፤ ደግሱ እንጂ።»

«የጾም ነው የፍስክ?» አሉ እሳቸው።

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። ወፎቹ ደንግጠው ተነሡና ዞረው ተመልሰው ከመሐል አረፉ፤ ያ ድንጋይ ከሰመጠበት በላይ። ሠርጉ ጥምቀት እንዳለፈ ሆነ። ዘነበች በበቅሎ ሆና በግድቡ ጀርባ ላይ ስትሻገር፣ እልልታው ሰጋጆቹን አስነሣቸውና አብረዋት ወደ ግሼ ተሻገሩ። እንዲህ ያለ አጃቢ የትኛዋ ሙሽራ አገኘች?

ዛሬ ግድቡ በደለል ተሞልቶ እኩሌታው ሣር ሆኗል። የሁለቱም ዳር በግ ገብቶ ይግጣል፣ የሚያስርም የለም፤ ይህስ ደግ ነው። ግን ያኔ ወፍ ጠፋ ተብሎ ሁለት አገር ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። አሁን ከዓመት ዓመት መንጋው ሲያንስ፣ አንሷል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። የልጅ ልጆቼ በሞባይል አነሷቸው፤ ቆይተው ሲመለሱ ስንት ወፍ እንደሚያገኙ እንጃ።

አንድ ጊዜ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ሚኒባስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች አስተማሪ፣ ሰጋጆቹ የሚፈለፈሉት ከባሕር ማዶ፣ በረዶ ከሚተኛበት አገር እንደሆነ፣ በጋችን ሲጋመስ ለመውለድ ወደዚያ እንደሚመለሱ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ለካ አያ ተሰማ ልክ ነበሩ አልኩ።

ከዚያ በኋላ አያ ተሰማ አረፉ። ለልቅሶ ተሻግሬ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። ባለቤታቸው እትዬ አመለወርቅ ፍራሹ ላይ ሆነው ስለ እሳቸው ሲያወጉ፣ ያን የቆሎ ቋጠሮ አነሣሁባቸው፤ ለማሳቅ ብዬ። እትዬ ግን አልሳቁም። «ቆሎ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። እንደነገሩኝ፣ ወፎቹ በጠፉበት ሳምንት የግሼ ሰውም ዳሩን ዞሮ ፈልጎ ነበርና፣ እፍኝ ሙሉ ላባ ያገኘው ከኛ በኩል፣ ከአባቴ የገብስ ማሳ ሥር ነበር። ለሸንጎው አውጣው ብለው የሰጡት ለአያ ተሰማ ነው። አባቴ ላባ ይዞ ሲከስሳቸው፣ እሳቸው የአባቴን ላባ በጋቢያቸው ቋጥረው ቆመው ነበር።