የአራተኛዋ ቦታ

«ትከሻሽን ተይው፤ ይሄ የእግር ጭፈራ ነው» አለኝ መሪያችን ሰው ሁሉ ፊት። ትከሻዬን ማን ነካው? እንደነሱ ደርቄ ነው የቆምኩት። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ከሰማ ጀምሮ ሽማግሌው ከትከሻዬ ሌላ አይታየውም።

ጭፈራው ሞሪስ ይባላል፤ የእንግሊዝ ገጠር ጭፈራ ነው። ስድስት ሰው በሁለት ረድፍ ይቆምና ከጉልበቱ በታች ቃጭል አስሮ፣ ነጭ መሀረብ እያውለበለበ ይዘላል። ሰፈራችን ኖርዝጌት፣ ከምሠራበት ካፌ አጠገብ ሲለማመዱ አይቼ ገባሁ። እኔ መቀመጥ አልችልም፤ መዝለል ነው የፈለግኩት። እናቴ ቃጭሉን ስታይ «እንዳትጠፊባቸው ነው? በግ አደረጉሽ?» አለች።

ልምምድ በሄድኩ ቁጥር ታሪካቸውን እጋታለሁ። ቡድኑን ስድስት ጓደኛሞች መሠረቱት፤ ዘነበ አልዘነበ በየዓመቱ ሜይ አንድ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ይጨፍራሉ። እነሱ ካልዘለሉ ፀሐይ የማትወጣ ይመስላቸዋል። ሕግም አላቸው፦ መሥራቹ በገዛ እጁ መሀረቡን ካልሰጠሽ ሜይ አንድ በሱ ቦታ አትቆሚም።

የአራተኛው ቦታ ባለቤት፣ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነች አሮጊት፣ ጉልበቷን ታማ ጎረቤት ከተማ ታኮማ ተቀምጣለች። ልምምድ ላይ በሷ ቦታ የምዘለው እኔ ነኝ። መሪው ኮል አደረገላትና «መጥታ ትሰጥሻለች» አለኝ። ሶ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ዘለልኩ።

ሜይ አንድ ሳይነጋ ሐይቁ ዳር ደረስኩ። አሮጊቷ በምርኩዝ መጥታለች። ቃጭሏን አስራለች፤ መሀረቡ እጇ ላይ ነው። መሀረቡን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ጨበጠችኝ።

«ጎበዝ ነሽ አሉ» አለችኝ። «ዘንድሮ ግን ራሴ ልሞክረው።»

«በምርኩዝ?»

መሪው ጣልቃ ገባ። «ቦታው የሷ ነው። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ለከርሞ ትደርሻለሽ። መንፈሳችን ይሄ ነው፤ ሰው አንጥልም።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺ ኮታችንን ያዢልን።»

ሙዚቃው ጀመረ። አሮጊቷ አልዘለለችም፤ ተራመደች። አምስቱም ዝላያቸውን ትተው በሷ እርምጃ ልክ ተራመዱ። የቀብር ሰልፍ በቃጭል! ተመልካቹ ግን አጨበጨበ፤ እንባዋን የጠረገችም አለች። እኔ ላብ ላብ የሚል ኮት እስከ አገጬ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ሲያበቃ መሪው እያለከለከ ጠራኝ። «ነይ እንጂ! ለፎቶው መሀል ግቢ። ቡድናችን ውስጥ ሁሉም ሰው እንደሚገባ ይታይልን።»

«መሀል የገባሁት አሁን ነው?»

«አትቆጪ፣ ኦኬ? ፈገግ በይ።»

ኮታቸውን እርጥቡ ሣር ላይ ለቀቅኩትና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።