የአሰገደች ፊት

በ1955 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ወንዳፈረው ከሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ዝናቡን ሲመለከት፣ ሚስቱ አሰገደች በዳምቦያ ገበያ ሸጣ የተረፋትን ጨው ይዛ ከመኪና ወረደች። ጆንያውን የምትሸፍንበት ስታጣ አንድ ሰው ሮጦ ደረሰና ጋቢውን አውልቆ ጨዉ ላይ ጣለው፤ እሱ በሸሚዝ ቀርቶ በሰበሰ። የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሊሥሉ ከጎንደር የመጡት አለቃ ገብረክርስቶስ ነበሩ።

ሌላ ባል ቢሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ባለ። ወንዳፈረውን ግን አንድ ነገር ወጋው፤ ለጨው ጋቢውን ያረጠበ፣ ለባለቤቲቱ ምን ያደርግ ይሆን?

ከዚያ ወዲህ አላረፈም። ሱቁን እየዘጋ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ ኋላ ተለጥፎ፣ አሰገደች ልትሳለም ስትመጣና ስትሄድ ይሰልላል። በዐሥረኛው ቀን ጎረቤቱ ሀብቴ ከሱቁ ሆኖ ተጣራ።

«አንተ ወንዳፈረው! ሚስትህ ግድግዳ ላይ ወጣችልህ እኮ! ደግሞ አንተም አልቀረህም!»

ሄዶ አየ። ከመስቀሉ ሥር ከሚያለቅሱት ሴቶች አንዷ ቁርጥ አሰገደች ናት። ከኋላ ከሚሳለቁት መካከል ደግሞ የእሱን ሪዝ ያበቀለ ሰው በጎን ተሥሏል፤ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው መሆኑን ሕፃንም ያውቃል።

«የሚስቴን ፊት ከየት አገኙት?»

«ሲጸልዩ አየኋቸው፤ ኀዘን የሚያውቅ ፊት ነው» አሉ አለቃ፣ ብሩሻቸውን ሳያስቀምጡ። «እርስዎን ግን ምን ላድርግ? ዐሥር ቀን ሙሉ ከምሰሶው ኋላ ያሳዩኝ አንድ ዓይንዎን ነው።»

አላመናቸውም። ቤቱ ገብቶ «መጽሐፍ ይዘሽ ማይልኝ!» አላት።

መጽሐፉን አልነካችም። «ልጃችንን ከቀበርን ስምንት ዓመት። አንድ ቀን ቀና ብለህ ፊቴን አላየህም፤ እንግዳ ሰው አየው። አሁን ደግሞ ማይ ትለኛለህ?» ብላ ነጠላዋን አንስታ ዶዮገና ያለ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌ ቢልክባት «የሚለው ካለው ራሱ ይበለኝ» ብላ መለሰቻቸው። እኔ የሰፈሩ ሰው ነኝና መጽሐፍ እንደማነብ ስለሚያውቅ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ ሊቃውንት ስለ ፍቅር ያሉትን ታነባለህ። እኔ ከጨው ዋጋ ሌላ የምለው አላውቅም። ደብዳቤ ጻፍልኝ። ፊቷ እንደናፈቀኝ የሚናገር አንድ ስንኝም ጣል አድርግበት።» ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ ስንኙን ከልክ በላይ አታሳምረው፤ ኋላ ጸሐፊው ማነው ብላ ትጠይቃለች።»