ለበሩ ያስቀመጥኩት ተምር

ላፍቶ ውስጥ ተምር በማወቅ የሚስተካከለኝ የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ አማርኛውን ከመጠቅለያ ጋዜጣ፣ ዓረብኛውን ከተምር ካርቶን ላይ ራሴን አስተማርኩ። ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ የማያውቅ ቢኖር እነግረዋለሁ።

ባለቤቴ ግን የካርቶን ጽሑፍ አታምንም ነበር። በረመዳን፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከሱቃችን በር ላይ ትቀመጥና ከሥራ ለሚመለሰው ጾመኛ ተምር ታድላለች። እያንዳንዱን በአውራ ጣቷ ሰንጥቃ፣ ውስጡን አይታ፣ ዘሩን አውጥታ ነው የምትሰጠው።

"አንቺ ሴትዮ፣ እስክትፈለፍይው ሰው በረሃብ ይለቅ?" እላታለሁ።

"አንተ አንብብ፤ እኔ ልፈልፍል" ትለኛለች።

ያለ እሷ የመጣው የመጀመሪያው ረመዳን የዘንድሮው ነው። የበሩ ተምር እንዳይቋረጥ ብዬ ምርጡን ካርቶን ለየሁ፤ ሰፊውን ሰሃኗንም አጠብኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ከውጭ የገባው ተምር ተበክሏል ተብሎ ከየሱቁ እየተሰበሰበ ነበር። ሌላውን ሁሉ ቆጥሬ አስረከብኩ። ያችን ካርቶን ሲያነሷት ግን ወጣቷን ተቆጣጣሪ፣ "ልጄ፣ ይህችን ተዪልኝ። ተምር ለእኔ አይነገረኝም" አልኳት።

ከላይ አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ ሰነጠቀችው። ውስጡ ጥቁር ሻጋታ ነው፤ ትልም ይላወሳል። እኔ ያየሁት ግን ጣቷን ነበር። ለክርክር ሰንፌ የማላውቀው ሰውዬ፣ ካርቶኗን ራሴ አንስቼ መኪናው ላይ ጫንኩ።

ባለንብረት ባለበት ይወገዳል ስለተባለ አብሬ ሄድኩ። ጉድጓድ ውስጥ ገለበጡት፤ ማንም ቆፍሮ እንዳይበላው ናፍጣ አርከፍክፈው ለኮሱት። መጀመሪያ ያረረ ስኳር ሸተተ፤ ጣፋጭ ነበር፣ እንደ ባለቤቴ ጓዳ። ከዚያ ናፍጣው ዋጠው። ጭሱን እያየሁ ሳለ የማፍጠሪያው አዛን ከሩቅ ተሰማ።

ተቆጣጣሪዋ ለካ ጾመኛ ናት። የውኃ ኮዳዋን አውጥታ፣ "አባባ፣ ይቅደሙ" አለችኝ።

ተጎንጭቼ መለስኩላት። "አሁን በሬ ላይ ሰው ቆሟል" አልኳት።

"ታዲያ ቤት ያሉት ይነግሯቸው የለ?"

"ቤት ማንም የለም፣ ልጄ።"

እሳቱ ሳይጠፋ መሄድ አይፈቀድም ነበርና፣ ቆመን ጠበቅን።